ሙቀት የመታው እህል ለመኖ ሲሸጥ

በአርባ ምንጭ ከተማ በእህል ንግድ የሚተዳደር ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ልማድ አለ። ብዙ ወራት ተደርድሮ የቆየ በቆሎ ከድርድሩ መካከል ሲወጣ ሞቆ፣ ጠቆር ብሎና ሽታው ተለውጦ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ለምግብ የሚፈልገው ሸማች ስለማይቀበለው «ይህስ ለመኖ ይሁን» ተብሎ ወደ ጎን ይደረደራል። ዋጋው ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ጆንያው ይለወጣል፤ ከዚያም በኋላ ለዶሮ አርቢ፣ ለከብት አድላቢ ወይም መኖ አቀነባብሮ ለሚሸጥ ይተላለፋል። ሻጩም በዚህ አኳኋን ኪሳራዬን አጠበብሁ ብሎ ይጽናናል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንኑ ወደ ጎን የተደረደረውን ጆንያ ነው።

ልማዱ የተመሠረተው «የእንስሳ ሆድ አይመርጥም» በሚል አሳብ ላይ ነው። አሳቡ ግን ሲመረመር እውነቱ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል። ሰው በቆሎን የሚበላው ከጎመን፣ ከባቄላ፣ ከወተትና ከሌላም ምግብ ጋራ ስለ ሆነ ከበቆሎው የጎደለውን ከሌላው ያገኘዋል። በቤት ተዘግታ የምትረባ ዶሮ ግን ከቀረበላት መኖ በቀር ሌላ የላትም። ጭራ ትል አታገኝም፤ ሣር አትነጭም። ከመኖዋ አብዛኛው በቆሎ ነው፤ ዛሬም ነገም ያው ነው። ስለዚህ በበቆሎው ላይ የደረሰው ጉዳት ከሰው ይልቅ በእርስዋ ላይ ሳይቀነስ ይታያል። ይህንንም ጉዳት ሚዛን አያሳየውም፤ ነጋዴ ደግሞ የሚያምነው ሚዛንን ነው።

እህል ስለ ምን ይሞቃል?

እህል ከተሰበሰበ በኋላም ሕይወት ያለው ነገር ነው። ፍሬው ይተነፍሳል፤ በትንፋሹም ከራሱ ስታርች ጥቂት በጥቂት እያነደደ ሙቀት፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን አየር ያወጣል። በሚገባ የደረቀ ከሆነ ትንፋሹ እጅግ ደካማ ስለ ሆነ ለብዙ ወራት ቢቀመጥ የሚነደው ከቁጥር አይገባም። እርጥበቱ ከፍ ያለ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። በፍሬው ላይ ያለው ሻጋታም ያን ጊዜ ይነሣል፤ ከተነሣም በኋላ ከፍሬው ይበልጥ የሚተነፍሰው እርሱ ነው። ለብዙ ጊዜ የሚቀመጥ በቆሎ እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ እንዳይበልጥ የሚመከረው ስለዚህ ነው።

ሒሳቡን ለመረዳት ያህል፣ ከአንድ ኩንታል በቆሎ ውስጥ አንድ ኪሎ ብቻ በዚህ ዐይነት ነደደ እንበል። ከእርሱ የሚወጣው ሙቀት ምንም መውጫ ባያገኝ የቀረውን ኩንታል ከነበረበት በ70 ዲግሪ ያህል ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ነው። በእርግጥ ሙቀቱ ሁሉ በውስጥ ታፍኖ አይቀርም። ነገር ግን እህል ሙቀትን በቀላሉ የማያሳልፍ ነገር ስለ ሆነ፣ በድርድር መካከል ያለ ጆንያ ብዙ ጋቢ እንደ ተደረበበት ሰው ይቆጠራል። ከሙቀቱም ጋራ ከግማሽ ኪሎ የሚበልጥ ውሃ ይወጣል፤ ይህ ውሃ በአጠገቡ ያለውን ፍሬ ያረጥባል፤ የረጠበውም ፍሬ በተራው አብልጦ ይተነፍሳል። ጉዳቱ ራሱን እያባዛ የሚሄደው እንዲህ ነው። የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። ውሃው እዚያው ጆንያ ውስጥ ከቀረ፣ አንድ ሙሉ ኪሎ ስታርች ጠፍቶ ሳለ ሚዛኑ የሚያጎድለው ከግማሽ ኪሎ ያነሰ ነው። ከመቶ ኪሎ ይህን ያህል ቢጎድል ማን ልብ ይለዋል? የሸጥነው ስታርች ነበረ፤ በስፍራው የተቀመጠው ውሃ ነው።

ሙቀቱ ሁለት መነሻ አለው፤ ነጋዴም ለይቶ ሊያውቃቸው ይገባል። አንደኛው ከነቀዝ የሚመጣው ሲሆን ደረቅ በሆነ እህልም ላይ ይነሣል። ነቀዝ በአንድ ስፍራ ሲበዛ በትንፋሹ ያን ስፍራ እስከ 42 ዲግሪ ገደማ ያሞቀዋል፤ ከዚያ በላይ ለራሱም ስለማይቻለው ወደ ቀዝቃዛው ዳር ይሸሻል። ነቀዙ በጆንያው ፊት ላይ ሲርመሰመስ አይተን «አሁን ገባ» የምንለው ብዙ ጊዜ ከውስጥ በገዛ ሙቀቱ ተባርሮ የወጣው ነው። ሁለተኛው ከሻጋታ የሚመጣው ነው፤ ይህ እርጥበት ባለው እህል ላይ ተነሥቶ 60 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ለነቀዝ የሚደረገው የጭስ መድኃኒት የመጀመሪያውን ሊያቆም ይችላል፤ ለሁለተኛው ግን ምንም አይፈይድም። ሞቀ ባለ ቁጥር መድኃኒት የሚያስጨስ ነጋዴ ገንዘቡንም የሠራተኞቹንም ጤና በከንቱ ያባክናል።

የአርባ ምንጭ መጋዘን

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ የተቆረቆረች ናት። ዋናው ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት፣ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት ይዘንባል። ከሁሉ ይልቅ የሚያቃጥለው የካቲትና መጋቢት ሲሆን የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ይበልጣል። አሁን የነጋዴውን ዓመት ከዚህ ጋራ እናስተያየው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከምዕራብ አባያ፣ ከጎፋና ከወላይታ የሚመጣው በቆሎ ርካሽ ሲሆን ይገዛል፤ ይደረደራል፤ ዋጋው እስኪወጣ ይጠበቃል። የሚጠበቅባቸውም ወራት እነዚያው የሚያቃጥሉት ናቸው። ከዚያም ሚያዝያ ሲገባ ዝናብ ይከተላል። በሌላው በኩል ደግሞ በበልግ ዝናብ የተዘራው የቆላ በቆሎ በሐምሌና በነሐሴ ይደርስና፣ ገበሬው ገንዘብ ስለሚቸግረው፣ ሁለተኛው ዝናብ ሳይደርስበት በጥድፊያ ተፈልፍሎ ወደ ገበያ ይወጣል። አንዱ በሙቀት ወራት ይጠበቃል፤ ሌላው እርጥበቱን ይዞ ይመጣል።

መጋዘኖቻችን በአብዛኛው ጣራቸውም ግድግዳቸውም ቆርቆሮ ነው። ቀን ቆርቆሮው ይግላል፤ በሥሩ ያለው አየር ከውጭው አየር በእጅጉ ይሞቃል። ሌሊት ግን ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ ከሞቀው እህል የወጣው እንፋሎት ከጣራው ሥር ጠል ሆኖ በላይኛው ረድፍ ላይ ይንጠባጠባል። ጠዋት ሠራተኛው የላይኛውን ጆንያ ረጥቦ ሲያገኝ ጣራው ያፈስሳል ብሎ አናጢ ያስጠራል። አናጢውም ቀዳዳ ፈልጎ ያጣል፤ ነገር ግን የቀን ሥራውን ዋጋ ይቀበላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፍበት የምዕራቡ ግድግዳም እንዲሁ ነው። ከግድግዳው ተለጥፎ የተደረደረ ጆንያ በአንድ ጎኑ ፀሐይ እንደሚሞቅ ይቆጠራል፤ ሙቀቱም እርጥበቱን ወደ መካከል ወደ ቀዝቃዛው ጆንያ ይገፋዋል።

ከዚህ ከሙቀታችን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ስንወጣ ጨንቻን እናገኛለን። ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ስለ ሆነ ቀን እንኳ ጋቢ ያስፈልጋል፤ ነቀዝም በእንዲህ ያለ ብርድ ውስጥ ለመራባት እጅግ ይዘገያል። አንዳንድ ጊዜ የእህል ድርድሩን እያየሁ፣ ተፈጥሮ ነፃ ማቀዝቀዣ በራሳችን ዞን ውስጥ ሰጥታን ሳለ እኛ በሲቀላ ቆርቆሮ ሥር እህል እንቀቅላለን እያልሁ አስባለሁ። ለመኖ በቆሎ ወደ ላይ ማውጣቱና መልሶ ማውረዱ እንደማያዋጣ አውቃለሁ። ዋጋው ከፍ ላለ የዘር እህል ግን አሳቡ ፈጽሞ የቀን ሕልም አይመስለኝም።

ሙቀቱ የሚወስደው

በእህል ፕሮቲን ውስጥ ላይሲን የሚባል አንድ ክፍል አለ። ዶሮም ሆነ አሳማ ይህን ክፍል በሰውነታቸው ሊሠሩት ስለማይችሉ ከምግብ ማግኘት ግድ ይሆንባቸዋል። በእህል ውስጥ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያንሰው እርሱ ነው። እህሉ ሞቆ ብዙ ቀን ሲቆይ ላይሲኑ ከስኳር ጋራ ይጣበቃል፤ የተጣበቀውንም የእንስሳው ሆድ ሊፈታው አይችልም። ሉዊ ካሚይ ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ይህን የፕሮቲን ክፍሎችና የስኳር ውሕደት በ1912 እ.ኤ.አ. ገልጾ ጽፎታል። ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ የዳቦን ቅርፊት የሚያቀላው፣ ለቡና ቁሌትም መዓዛ የሚሰጠው ይኸው ነው። ልዩነቱ በምጣድ ላይ በጥቂት ደቂቃ የሚሆነው በመጋዘን ውስጥ በብዙ ቀን መሆኑ ነው። ነጭ በቆሎ ወደ ቡናማ ሲያደላ የምናየው ቀለም የላይሲኑ መቃጠል ምልክት ነው።

እዚህ ላይ መኖ የሚያቀናብሩ አባሎቻችን ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። እህሉን ወደ ላቦራቶሪ ልከው ፕሮቲኑን ቢያስለኩ ቁጥሩ አይለወጥም፤ የሚለካው በጠቅላላው ያለው ናይትሮጅን ስለ ሆነ የተጣበቀውም ከተፈታው ጋራ ይቆጠራልና። ከመቶ 9 እጅ የነበረው አሁንም 9 ነው። ዶሮዋ ግን 9ኙን አታገኘውም። በቆሎው ላይ የሚጨመረውም የኑግ ፋጉሎ በላይሲን ከአኩሪ አተር ያነሰ ስለ ሆነ የጎደለውን ለመሙላት አይበቃም። ዘይቱም በሙቀት ይበላሻል፤ ከእርሱ ጋራ ያለውም ቫይታሚን ኢ ይጠፋል። ቢጫ በቆሎ ለሚያቀርብ ነጋዴ ደግሞ የእንቁላልን አስኳል የሚያቀላው ቀለም ይደበዝዛል።

ስለ ላይሲን አንድ ነገር ልጨምር። በሜክሲኮ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማእከል ሱሪንደር ቫሳልና ኤቫንጀሊና ቪዬጋስ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በቆሎ ላይሲኑ እንዲበዛ ለማድረግ ብዙ ዓመታት ደክመው በ2000 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ይኸው ዐይነት በቆሎ በአገራችንም ለገበሬ ተሰራጭቶአል። የሰው ልጅ በዕድሜ ልክ ድካም ወደ ፍሬው ያስገባውን፣ አንድ በአግባቡ ያልተደረደረ ቁልል በሁለት ወር መልሶ ያወጣዋል።

ስለ በሬና ስለ ላም የተጠየቅን እንደ ሆነ ነገሩ ጥቂት ይለያል። የሚያመሰኳ እንስሳ በጨጓራው ውስጥ ባሉት ረቂቃን ፍጥረታት አማካይነት ፕሮቲን ስለሚሠራ የላይሲን እጦት እንደ ዶሮ አይጎዳውም፤ መጠነኛ ሙቀት ያገኘው እህልም ብዙ ላይከፋበት ይችላል። ብዙ የሞቀው ግን ለእርሱም አይፈጭለትም፤ እንደ ገባ ይወጣል። የሚያሳስተው ሽታው ነው። ክፉኛ የሞቀ መኖ እንደ ተቃጠለ ስኳር ወይም እንደ ትንባሆ ስለሚሸት ከብቱ ወድዶ ይበላዋል። አድላቢውም «ሲበላው አይተሃል? እንዴት መጥፎ ይሆናል?» ይላል። በሬው የሚመሰክረው ስለ ጣዕሙ እንጂ ስለ ጥቅሙ አይደለም።

መርዝን በሚመለከት

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ጠፋው ነገር ነው፤ አሁን ስለሚጨመረው ልናገር። ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲሆኑ፣ በተለይም ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት፣ አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያወጣ ሻጋታ ይነሣል። ይህ መርዝ በዓለም የታወቀው በመኖ ምክንያት መሆኑን ብዙ ሰው አያስታውስም። በ1960 እ.ኤ.አ. (1952 ዓ.ም.) በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺሕ የሚበልጡ ተርኪ የሚባሉ ታላላቅ ዶሮዎች በድንገት አለቁ። ምክንያቱ ሲመረመር ከብራዚል በመርከብ የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። በጎረቤታችን በኬንያ ደግሞ በ1996 ዓ.ም. በእርጥበቱ የተከማቸ በቆሎ በልተው 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከወተት አምራቾችና ከነጋዴዎች 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙና አስመርምሮ፣ መርዙን በወተቱ ናሙና ሁሉ ውስጥ አግኝቶአል። በአውሮፓ ማኅበር ከተወሰነው ልክ ሳያልፉ የተገኙት ዘጠኙ ብቻ ነበሩ። ይልቁንም የኑግ ፋጉሎ የሚበዛበት መኖ መርዙ የበዛበት ሆኖ ተገኝቶአል። ወሬው በተሰማ ጊዜ የከተማው ሰው ወተት መግዛት ቀንሶ እንደ ነበረ የሚያስታውሱ አባሎች አሉ። የመጎዳቱ ተራ ከፋጉሎ ነጋዴው ሳይሆን በላሚቱ ጀርባ ተሻግሮ ከወተት ሻጩ ደረሰ።

በዚህ አካባቢ ጥጥ ስለሚመረት የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ የሚነግዱ ሰዎች ይህን በተለይ ልብ ይበሉት። ዘይት ያለው ነገር ከእህል ባነሰ እርጥበት ይሻግታል፤ ለበቆሎ የሚበቃው ድርቀት ለፋጉሎ አይበቃም። መርዙም በፀሐይ በማስጣት ወይም ሻጋታውን በማራገፍ አይለቅም። የሞቀ እህል ሁሉ ግን መርዝ አለበት ማለት አይደለም። በነቀዝ ብቻ የሞቀ ደረቅ በቆሎ ላይኖርበት ይችላል፤ ሳይሞቅ በማሳው ላይ ሳለ የተመረዘም አለ። ሁለቱን ነገር አንድ አድርጎ መናገር ነጋዴውን በከንቱ ማስፈራራት ይሆናል።

የውጭው ገበያ ስለ መኖ እህል የሚለው

«ለእንስሳ ነው» የሚለው አሳባችን በዓለም ገበያ እንዴት እንደሚታይ ለማወቅ የአሜሪካን የእህል ደረጃ መመልከት ይበቃል። በዓለም ላይ ለመኖ በብዛት ከሚሸጡት እህሎች አንዱ የአሜሪካ ቁጥር 2 ቢጫ በቆሎ ነው። በዚህ ደረጃ ውስጥ ልዩ ልዩ ጉዳት የደረሰበት ፍሬ በጠቅላላው ከመቶ 5 እጅ ድረስ ይፈቀዳል። ሙቀት የመታው ፍሬ ግን ለብቻው ተለይቶ ይቆጠራል፤ የተፈቀደውም ከመቶ ሁለት ዐሥረኛ እጅ ብቻ ነው። ይህም ማለት ከሺሕ ፍሬ ሁለት ነው። ለቁጥር 1 ከሺሕ አንድ ብቻ ሲሆን፣ የመጨረሻው ደረጃ ቁጥር 5 እንኳ ከመቶ 3 እጅ አያልፍም። የተሰበረውን፣ ነቀዝ የነካውን በመጠኑ ታግሦ ሙቀት የመታውን ይህን ያህል የሚጸየፍ ገበያ፣ እህሉን የሚገዛው ለዶሮና ለአሳማ መሆኑን ዘንግቶ አይደለም። ስለሚያውቅ ነው።

በእኛም አገር መኖ የትራፊ መጣያ ሆኖ እንዲቀር አልተተወም። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 መኖን ከመድኃኒት ጋራ አጣምሮ ቁጥጥር የሚደረግበት ዕቃ አድርጎታል። ወደፊት ዶሮና እንቁላል ወደ ትልልቅ ሆቴሎች ለማቅረብ የሚያስቡ ሰዎች የመኖውን መነሻ መጠየቃቸው አይቀርም።

ከአንድ መዝገብ

የምጽፈው ከወንበር ሆኜ ብቻ እንዳይመስል በምሠራበት መጋዘን የሆነውን ልናገር፤ የሌላውን ሰው መጋዘን ከመውቀስ የራስን መናገር ይሻላልና። በ2014 ዓ.ም. አሠሪዬ ታኅሣሥ ላይ የገዙት በቆሎ ከምዕራቡ ግድግዳ ተለጥፎ ተደርድሮ ነበር። በመጋቢት መጨረሻ ሲፈታ የመካከሉ ጆንያ እጅ ሲገባበት ይሞቅ ነበር። ሃያ ሦስት ጆንያ ተለየ። እንደ ልማዳችንም ዋጋው ተቀንሶ፣ እንቁላል ለሚያስጥሉና መኖአቸውን ራሳቸው ለሚቀምሙ አንዲት ወይዘሮ ተሸጠ። ደረሰኙን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የጻፍሁትም «በቆሎ» ብዬ ነው፤ ሌላ ቃል አልጨመርሁበትም።

ወይዘሮዋ ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ዶሮዎቼ ይበላሉ፤ ግን አይጥሉም፤ የሚጥሉትም ትንሽ ነው» አሉኝ። የፉርሽካውንም፣ የፋጉሎውንም፣ የኖራውንም መጠን አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ምንም አልለወጡም። አሠሪዬ በበኩላቸው «እናቴ፣ እህሉ በሚዛን ነው የተሸጠልዎት፤ ሚዛኑ ጎድሎ ነበር?» አሉ። «ሚዛኑስ ልክ ነው» ብለው ከዘንቢላቸው በጨርቅ የተቋጠረ እፍኝ በቆሎ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱት። ነጭ መሆን የሚገባው ፍሬ ሻይ የነካው ይመስል ነበር። በዶሮዎቹ ላይ ለደረሰው ሁሉ ምክንያቱ ያ በቆሎ ብቻ ነው ብዬ ለመማል አልችልም፤ ወራቱም ሞቃት ነበር፤ ዶሮ በሙቀት መጣሏን ትቀንሳለች። ይሁን እንጂ አሠሪዬ ፍሬውን በጣታቸው ሲያገላብጡ ቆይተው የቀረውን ዐሥር ጆንያ መልሰው ገንዘባቸውን ሰጧቸው።

ሰጡ እንጂ ደንበኛዋ አልተመለሱም። በመዝገቤ ላይ በየወሩ ይታይ የነበረው ስማቸው ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት የለም። በሃያ ሦስት ጆንያ ላይ ያዳንነው ገንዘብ ምን ያህል እንደ ነበረ አውቃለሁ፤ ለሁለት ዓመት ያልተሸጠውንም በቆሎ ደምሬዋለሁ። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደ ሆነ አሠሪዬ እንዳልጽፍ ስለ ጠየቁኝ አልጽፍም።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው

የተለወጠው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ድርድሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር ያህል፣ ከመሬቱም በእንጨት ርብራብ ከፍ ብሎአል፤ በጣራውና በላይኛው ረድፍ መካከልም አየር የሚያልፍበት ቦታ ተትቶአል። በየሳምንቱ አንድ ሠራተኛ ረዘም ያለ ቀጭን ብረት በድርድሩ መካከል ሰክቶ ጥቂት ደቂቃ ካቆየ በኋላ አውጥቶ በእጁ ይይዘዋል። ብረቱ ከሞቀ ድርድሩ በዚያው ቀን ይፈታል፤ እህሉም ይሰጣል። ቴርሞሜትር ቢኖር ይሻላል፤ ብረቱ ግን ተነሥቶ ባለመጠየቁ ብቻ ከቴርሞሜትር የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ቴርሞሜትሩ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣልና።

በግዢ ጊዜ የእርጥበት መለኪያ የሌለው ነጋዴ በጨው ሊመረምር ይችላል። በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ በቆሎና ጥቂት የደረቀ ደቃቅ ጨው ጨምሮ፣ ከድኖ በሚገባ ያናውጠዋል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የእህሉ እርጥበት ከመቶ 15 እጅ በላይ ስለ ሆነ ሳይሰጣ መደርደር የለበትም። ካልተለጠፈ ከ15 በታች ነው ማለት ነው እንጂ 13 ደርሶአል ማለት አይደለም፤ ለብዙ ወራት የሚቀመጥ ከሆነ ያም ቢሆን አንድ ቀን ፀሐይ አይከፋበትም። በመጋዘን የቆየውን እህል ለመፈተን ደግሞ መቶ ፍሬ ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ሳምንት ማቆየት ነው። ሙቀት የመታው ፍሬ አይበቅልም። እርግጥ ያረጀም፣ ነቀዝ የበላውም አይበቅልም፤ ነገር ግን ቀድሞ ይበቅል የነበረው ድርድር በሁለት ወር ውስጥ ማብቀል ቢያቆም ምክንያቱን መፈለግ ይገባል።

ስለ ፒክስ ከረጢት አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሦስት ድርብ ያለው ይህ ከረጢት አየር ስለማያስገባ ነቀዙን አፍኖ ይገድለዋል፤ ከነቀዝ የሚመጣውንም ሙቀት ያስቀራል። እርጥብ እህል ግን አያደርቅም። እርጥቡን አስገብተው ካሰሩት በኋላ ሲከፈት የጠላ ጥንስስ የመሰለ ሽታ ያወጣል፤ ጥፋቱም የከረጢቱ አይደለም።

የሞቀው እህል ምን ይደረግ ለሚለው ጥያቄ የእኔ አሳብ ይህ ነው። ሻጋታ የታየበት ለማንም አይሸጥ። ሻጋታ የሌለበት፣ ጥቂት የሞቀው፣ ለበሬ አድላቢ ነገሩ ተነግሮት፣ በደረሰኙም ላይ ተጽፎለት፣ በዋጋው ልዩነት ቢሸጥ ነውር የለበትም፤ አድላቢው ከምን ጋራ እንደሚቀላቅለው ራሱ ያውቃል። ለዶሮ ግን አይሰጥ። ከሁሉ የከፋው ከደህናው ጋራ መደባለቅ ነው፤ በቀለሙ ሊለይ ይችል የነበረውን ይሸሽገዋልና።

እኒያ ወይዘሮ በዚህ ዓመት ጥር ላይ ተመልሰው መጥተው ነበር። ዐሥር ጆንያ ፈልገው ነበር፤ ከዘንቢላቸውም የራሳቸውን ቀጭን ብረት አወጡ። አሠሪዬ ጆንያውን በእጃቸው ይዘው እያቆሙላቸው እርሳቸው አንድ በአንድ ወጉት፤ ከየጆንያውም ፍሬ እያወጡ በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተው ተመለከቱት። ሁለቱን መለሱ፤ ስምንቱን አስጫኑ።